የታመነ ድምፅ፦ የአነጋገር ዘዬና የሪያሊቲ ቴሌቪዥን «እውነተኛ ሰው»

አንዲት ሴት በስኮትላንድ ደጋማ ምድር በሚገኘው አርድሮስ ካስል ውስጥ የቁርስ ገበታ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያሉትን ሰዎች ታጫውታለች። አነጋገሯ የዌልስ ነው፤ የዓረፍተ ነገሯ ጫፍ እንደ ዜማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አናባቢዎቿ ይሳባሉ። ጥቂት ቆይቶ ያችው ሴት ብቻዋን ካሜራ ፊት ተቀምጣ የልቧን ለተመልካቹ ስትናገር ግን ዜማው የለም። የምንሰማው የለንደን ሰው ድምፅ ነው።

ይህ የሆነው በ2025 መጀመሪያ በቢቢሲ በታየው «ዘ ትሬይተርስ» በተባለው ውድድር ሦስተኛ ዙር ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሴትዮዋ ቻርሎት ትባላለች። ጨዋታው መነሻው ሆላንድ ሲሆን ሕጉ ቀላል ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ጥቂቶቹ በስውር «ከዳተኛ» ተብለው ይመረጣሉ፣ የተቀሩት «ታማኝ» ናቸው፣ ከዳተኞቹ ሌሊት ሌሊት አንዱን ታማኝ ከጨዋታው ያስወጣሉ፣ ቀን ቀን ደግሞ ሁሉም ክብ ጠረጴዛ ከበው ከዳተኛ ነው ብለው የጠረጠሩትን በድምፅ ያባርራሉ። እስከ መጨረሻው ሳይታወቅ የዘለቀ ከዳተኛ ገንዘቡን ጠቅልሎ ይወስዳል። እንግዲህ የጨዋታው ሁለመና አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ይታመናል? ቻርሎት ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ የመጣችው በድምፅዋ ነበር። የዌልስን አነጋገር ሰው ያምነዋል ብላ ስላሰበች ለቀናት ያለማቋረጥ በሌላ አገር ዘዬ ተናገረች።

በዚያው ዙር ሌሎችም ማንነታቸውን ደብቀው ነበር። አንዲት ተወዳዳሪ በውትድርና ያሳለፈች ሆና ሳለ የጥፍር ባለሙያ ነኝ ብላ ገባች። ሙያን መደበቅ ግን የጨዋታ ዘዴ ተደርጎ በቀላሉ ይታለፋል። ዘዬን መበደር ከዚህ የተለየ ስሜት ይፈጥራል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሙያውን የሚመርጠው ካደገ በኋላ ሲሆን ዘዬውን ግን ገና መናገር ሳይጀምር ከእናቱ የተቀበለው፣ ሳያስበው የሚወጣ፣ ስለዚህም ሊዋሽበት የማይችል ነገር አድርጎ ያየዋል። በእኛም ቋንቋ ልባዊ ያልሆነ ንግግር «ከአንገት በላይ» ነው፣ ልባዊ የሆነው ደግሞ «ከአንጀት» ይወጣል። ዘዬ ከአንጀት የሚወጣ ይመስላል። የቻርሎት ብልሃት የተመሠረተው በዚህ እምነት ላይ ነው፤ የእኔም ጥያቄ ይህ እምነት ከየት መጣ፣ ማንንስ ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል የሚለው ነው።

ግምቷ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሃዋርድ ጋይልስ የተባለው የቋንቋና የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1973 ያወጣው ጥናት ቃል በቃል ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከት ነው። ተማሪዎችን በቡድን በቡድን ከፍሎ የሞት ቅጣትን የሚቃወም አንድ ዓይነት ክርክር አሰማቸው፤ የተለየው ዘዬው ብቻ ነበር። አንዱ ቡድን ክርክሩን የሰማው የተማረው መደብ መለያ በሆነው በደረጃው እንግሊዝኛ ነው፤ ሌሎቹ ቡድኖች ደግሞ በደቡብ ዌልስ፣ በሶመርሴትና በበርሚንግሃም ዘዬ ሰሙት። ከዚያ ሁለት ነገር ተጠየቁ። አንደኛው የክርክሩ ጥራት ምን ያህል ነው የሚል ነበር፤ እዚህ ላይ ደረጃው እንግሊዝኛ አሸነፈ። ሁለተኛው የእነሱ አቋም ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚል ነበር፤ እዚህ ላይ ግን የአካባቢ ዘዬዎቹ አሸነፉ። ማለትም ሰሚው «በደንብ ተናገረ» ያለው አንዱን ሆኖ፣ ልቡን የሰጠው ለሌላው ነው። ደቡብ ዌልስ ከእነዚያ ልብ ከሚያሸንፉት አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ክፍፍል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የምንለው ሰው ንግግሩ የሚፈስ፣ ቃሉ የተመረጠ፣ ስለዚህም የሚጠረጠር ሰው ነው። የተወለወለ ንግግር ዕውቀትን ያመለክታል፤ ነገር ግን መወልወሉ ራሱ አንድ ሰው ተቀምጦ እንደለፋበት ስለሚያሳይ፣ ለምን ለፋበት የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። በብሪታኒያም እንዲሁ ነው። ደረጃው እንግሊዝኛ ችሎታን፣ ሥልጣንን፣ ትምህርትን ሲያስታውስ፣ የዌልስ፣ የስኮትላንድ፣ የዮርክሻየርና የኒውካስል ዘዬ ደግሞ ጨዋታን፣ ደግነትን፣ ያልተቀባባ ሰውነትን ያስታውሳል። ከጋይልስ ጥናት በፊት በ1960 ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ በሞንትሪያል አንድን ሰው በሁለት ቋንቋ እያስነበቡ ሰሚዎቹ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መስለዋቸው የተለያየ ጠባይ እንደሚሰጧቸው አሳይተው ነበር። ቻርሎት ሳታስበው ያንኑ ሙከራ በቴሌቪዥን ደገመችው፤ አንድ ሰው፣ ሁለት ድምፅ፣ ልዩነቱ ሁለቱንም የምንሰማው እኛ ተመልካቾች መሆናችን ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እኛ ከመጀመሪያው ስለተነገረን እያንዳንዱን ቃሏን በጥርጣሬ እንሰማለን፤ አንድ አናባቢ ሲያመልጣት ወዲያው እናውቃለን። ካስሉ ውስጥ ያሉት ግን ዘዬዋን እንደ ቁመቷና እንደ ፀጉሯ ቀለም የተሰጠ ነገር አድርገው ነው የተቀበሉት። ሰው የሚመረምረው የተጠራጠረውን ነው፤ ዘዬ ደግሞ ከሚጠረጠሩት ነገሮች መካከል የመጨረሻው ነው። በተጨማሪም ያ ድምፅ እውነተኛውን ባለቤቱን እንኳ አይጠብቅም ነበር። በዚያው ዙር ከዌልስ የመጣች፣ ዌልስኛ የምትናገር፣ ታማኝ የሆነች ሌላ ተወዳዳሪ ነበረች፤ ከጨዋታው የወጣችው ግን ገና በመጀመሪያው አካባቢ ነው። በፊተኞቹ ሁለት ዙሮች ደግሞ የዌልስ ዘዬ የነበራቸው ሁለት ተወዳዳሪዎች፣ በመጀመሪያው አማንዳ፣ በሁለተኛው አንድሩ፣ ከዳተኞች ነበሩ። አማንዳ እናታዊ ለዛዋ በተመልካች ዘንድ በጣም የተወደደላት፣ ሌሊት ሌሊት ግን ካባ ደርባ የሚወገደውን ሰው የምትመርጥ ሴት ነበረች። እንግዲህ «የዌልስ ሰው ይታመናል» የሚለው አስተሳሰብ በዚሁ ፕሮግራም ላይ ሁለት ጊዜ ተሽሮ እያለ በሦስተኛው ዙር ቻርሎት አሁንም ልትጠቀምበት ቻለች። የተዛባ ግምት በማስረጃ ቶሎ የማይፈርሰው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያውንም በማስረጃ አልተገነባም።

ዘዬ በብሪታኒያ አየር ሞገድ ላይ ሁልጊዜ የእውነተኛነት ምልክት አልነበረም። ቢቢሲ በ1922 ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1926፣ ስለ ቃላት አነባበብ የሚመክር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ ነበር። በዚያን ጊዜ ዜና አንባቢ ሊኖረው የሚገባው ድምፅ ከየትም ያልመጣ የሚመስል፣ በእውነቱ ግን ከጥቂት ትምህርት ቤቶችና ከአንድ መደብ የመጣ ድምፅ ነበር። በ1941፣ በጦርነቱ መካከል፣ ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለው የሃሊፋክስ ሰው የዮርክሻየር ዘዬውን ይዞ አገር አቀፉን ዜና ማንበብ ጀመረ። ለሰሜኑ አድማጮች ደኅና እደሩ ሲል እንደ አገሩ ሰው «ጉድ ኒት» ይል ነበር። ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ የጀርመን ፕሮፓጋንዳ ሠራተኞች ይህን ዘዬ አስመስለው የውሸት ዜና ማሰራጨት ይቸግራቸዋል የሚል ነበር፤ ማለትም ዘዬው የማይሰረቅ ማኅተም ተደርጎ ታሰበ። ብዙ አድማጮች ግን ተቃወሙ። በዚያ ድምፅ የተነገረ ዜና ዜና አልመስል አላቸው። ያው የሰሜን ዘዬ ጎረቤት ሲናገረው የሚታመን ሆኖ፣ ስለ ጦር ግንባር ሲናገር ያልታመነው፣ ሰሚው ለእያንዳንዱ ድምፅ አስቀድሞ ቦታ ስለመደበለት ነው።

ሪያሊቲ ቴሌቪዥን የመጣው ይህን የቦታ ምደባ ገልብጦ ለገበያ በማቅረብ ነው። ተወዳዳሪዎች በአንድ ቤት ተዘግተው ቀን ከሌሊት እየተቀረጹ የሚኖሩበት «ቢግ ብራዘር» በብሪታኒያ በ2000 በቻነል 4 ሲጀምር ሁለት ነገሮች አብረው ሆኑ። አንደኛው የተራኪው ድምፅ ነው። ማርከስ ቤንትሊ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ዘዬ ቀኑን ቆጥሮ ተወዳዳሪዎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ሲነግረን፣ «ሃውስ» የሚለው ቃል በአፉ ወደ «ሁስ» ሲጠጋ፣ የቢቢሲን የቀድሞ ድምፅ የለመደ ጆሮ ወዲያው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ይህ ትምህርት አይደለም፣ ስብከት አይደለም፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሚያወራው ነው። ሁለተኛው ዘመኑን የቀረጸው ፍጥጫ ነው። ኒክ ቤትማን የተባለው በታዋቂ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ፣ የተማረው መደብ አነጋገር ያለው ተወዳዳሪ የሌሎቹን ድምፅ አሰጣጥ በስውር ሲጠመዝዝ ተገኘ። ፊት ለፊት ያጋፈጠው ክሬግ ፊሊፕስ የሊቨርፑል ተወላጅ ግንበኛ ነበር። ክሬግ በመጨረሻ አሸነፈ፤ የ70 ሺህ ፓውንዱን ሽልማትም ለአንዲት የታመመች ወዳጁ ሕክምና ሰጠ። አንድ ደራሲ ይህን ታሪክ ቢጽፈው «በጣም ተመቻችቷል» ይባል ነበር። እውነት ሆኖ በመገኘቱ ግን በሕዝብ አእምሮ ውስጥ አንድ ቀመር ተከለ፤ የተወለወለው ያታልላል፣ የሊቨርፑሉ ልጅ ሐቁን ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ዘዬ የፕሮግራም ስም እስከ መሆን ደረሰ። በ2010 የኤሴክስን ወጣቶች የሚያሳየው «ዚ ኦንሊ ዌይ ኢዝ ኤሴክስ»፣ በ2011 የኒውካስል ወጣቶችን የሚያሳየው «ጆርዲ ሾር»፣ በዚያው ዓመት የለንደን ባለጸጎች ሰፈር የሆነችው የቼልሲ ፕሮግራም ተከታተሉ። «ጆርዲ» ማለት ራሱ የኒውካስል አካባቢ ሰውና የአነጋገሩ ስም ነው። የኤሴክሱ ፕሮግራም ሰዎቹ እውነተኛ እንደሆኑ፣ ከሚያደርጉት አንዳንዱ ግን ለመዝናኛ ተብሎ እንደተዘጋጀ መጀመሪያው ላይ ራሱ ይናገር ነበር። ታዲያ ትዕይንቱ የተቀነባበረ መሆኑ ከታወቀ፣ ለተመልካቹ እውነተኛ ሆኖ የሚቀርለት ምንድን ነው? በእኔ አመለካከት ዋናው ዘዬው ነው። የተጣሉት ፕሮዲውሰር አገናኝቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ሲጣሉ ከአፋቸው የሚወጣው አናባቢ ግን የእነሱው ነው። አዘጋጁ ሊጽፈው የማይችለው ብቸኛ ነገር ስለሚመስል የቀረውን ሁሉ ይሸከምለታል።

ነገር ግን አዘጋጁ ዘዬን አይጽፍም ማለት አይመርጥም ማለት አይደለም። ተወዳዳሪ ሲመለመል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊታወስ የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ ከአሥርና ከሃያ ሰው መካከል ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ቶሎ እንዲለይ ደግሞ ድምፅ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው። ለስላሳ የስኮትላንድ ሰው፣ ቀልደኛ የሊቨርፑል ልጅ፣ ትሑት የዌልስ እናት፣ ቁጥብ የለንደን ባለ ትምህርት። ከብዙ ሰዓታት ቀረጻ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቀር፣ የሚቀረው ሰውየው እንደተመለመለበት ሆኖ የተናገረባት ቅጽበት ናት። የኒውካስሏ ልጅ በዝግታና በጥንቃቄ ስለ ሥራዋ ያወራችበት ሰዓት ተቆርጦ፣ በስካር የጮኸችበት ደቂቃ ይቀራል፤ ከዚያ ተመልካቹ «አየህ፣ አታስመስልም» ይላል። ያላስመሰለችው በሁለቱም ጊዜ ነበር። የታየው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሰው በተፈጥሮው አንድ ዘዬ ብቻ የለውም። ያው ጋይልስ በ1970ዎቹ ያቀረበው ሌላ ንድፈ ሐሳብ ሰው እንደሚያናግረው ሰው አነጋገሩን እንደሚያቀራርብ ወይም እንደሚያርቅ ያስረዳል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የኖረ የጎጃም ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ሲጮህ፣ ደዋዩ አባቱ ከሆኑ፣ ገና «እንዴት ነዎት» ከማለቱ ድምፁ ይለወጣል፤ ቃላቱ ይለወጣሉ፣ ዜማው ይለወጣል፣ አጠገቡ ያለው ባልደረባው ቀና ብሎ ያየዋል። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ቢሮው አነጋገር ይመለሳል። ከሁለቱ የትኛው ነው የእሱ? ሁለቱም የእሱ ናቸው። ሪያሊቲ ቴሌቪዥን ግን ይህን አይቀበልም። ተወዳዳሪዋ ታዋቂ ሆና ለንደን ከገባች በኋላ አነጋገሯ ትንሽ ሲለዝብ «ተለወጠች፣ ረሳችን» ትባላለች፤ ዘዬዋን አጥብቃ ከያዘች ደግሞ «አጋነነች፣ ትነግድበታለች» ትባላለች። እንጀራዋ በዘዬዋ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ያደገችበትን አነጋገር ልክ እንደ ቻርሎት አስባበት መጠበቅ አለባት።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «የአካባቢ ዘዬ ይታመናል» የሚለው አባባል ለሁሉም ዘዬ አይሠራም። በ2002 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚያሰማ ቅጂ ለሰሚዎች አቀረቡ፤ ተጠርጣሪው በበርሚንግሃም ዘዬ ሲናገር በደረጃው እንግሊዝኛ ከሚናገረው ይልቅ ጥፋተኛ መሰላቸው። ኒክ ኩፕላንድና ሃይዌል ቢሾፕ በ2007 ባወጡት፣ ከአምስት ሺህ በላይ ሰዎች ስለ 34 ዘዬዎች አስተያየት በሰጡበት ጥናት የበርሚንግሃም ዘዬ በክብርም በተወዳጅነትም ከታች ነው የተገኘው። ከአረንጓዴ ተራራና ከባሕር ዳርቻ ጋር የሚታሰብ ዘዬ ደግ ይባላል፤ ከፋብሪካና ከድህነት ጋር የሚታሰበው ይጠረጠራል። ጆሮ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ቦታ አስቀድሞ የተነገረውን ሁሉ ነው።

የጄድ ጉዲ ታሪክ ይህን ከማንኛውም ጥናት በላይ ያሳያል። በ2002 «ቢግ ብራዘር» ቤት ስትገባ የደቡብ ለንደን ሠራተኛ ሰፈር ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። የአገሯን አንድ ክፍል ስም አዛብታ ስትጠራ፣ ቃላት ሲያመልጧት፣ የታብሎይድ ጋዜጦች የእንስሳ ስም እስከ መስጠት ደርሰው አዋረዷት። ከቤቱ ከወጣች በኋላ ግን ያው ድምፅ «አንደበቷና ልቧ አንድ ነው» ተባለለትና ሀብት አፈራችበት። በ2007 ታዋቂ ሰዎች ወደሚወዳደሩበት የ«ቢግ ብራዘር» ቤት ስትመለስ የሕንድ ተዋናይት ሺልፓ ሼቲ አብራት ነበረች። ቤቱ ውስጥ ያሉ ሴቶች የሺልፓን የሕንድ እንግሊዝኛ እያስመሰሉ ሲያፌዙባት በቴሌቪዥን ታየ፤ ጄድም ከእነሱ ጋር ነበረች። ለሥርጭት ተቆጣጣሪው ለኦፍኮም ከ44 ሺህ በላይ አቤቱታ ገባ፣ ሺልፓም አሸነፈች። በአነጋገሯ ምክንያት የተዋረደችው ሴት ሌላዋን በአነጋገሯ ስታዋርድ ማየት ያሳዝናል። ሁለቱም በተወለዱበት ድምፅ ነበር የሚናገሩት፤ የአንዷ ድምፅ ግን «የእኛ» ተብሎ፣ የሌላዋ «የእንግዳ» ተብሎ ተሰማ።

በውጭ አገር የምንኖር ሐበሾች የምንቆመው ከሺልፓ ወገን ነው። የዌልስ ዘዬ በብሪታኒያ ካርታ ላይ ቦታ አለው፤ የእኛ እንግሊዝኛ የለውም። ሺሪ ሌቭ-አሪና ቦዓዝ ካይሳር በ2010 ባወጡት ጥናት ሰሚዎች «ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ብዙ ውኃ መያዝ ትችላለች» የሚል ዓይነት ተራ ዓረፍተ ነገር ቀረበላቸው። የውጭ አገር ቅላጼ ባለው ሰው ሲነገር፣ ተናጋሪው የሌላ ሰው ጽሑፍ ብቻ እንደሚያነብ ተነግሯቸው እያለ እንኳ፣ እውነትነቱ ያነሰ መሰላቸው። ተመራማሪዎቹ ከሰጡት ማብራሪያ ዋናው ንቀት አይደለም፤ ለመስማት ጥረት የሚጠይቅ ነገር ለማመንም ይከብዳል የሚል ነው። ይህ ለአንዲት ነርስ፣ ለአንድ የታክሲ ሾፌር፣ ሥራ ፍለጋ ለቀረበ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥገኝነት ጠያቂ ሲሆን ደግሞ ዘዬ ቃል በቃል የማንነት ማስረጃ ይሆናል፤ የአውሮፓ መንግሥታት ሰውየው ከየት እንደመጣ ለመወሰን የድምፅ ቅጂውን ለቋንቋ ትንተና ይልካሉ። በ2014 የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሶማሊያውያን ነን ያሉ ጠያቂዎችን ጉዳይ ሲያይ እንዲህ ያለው ሪፖርት ዳኛው ራሱ ሊመዝነው የሚገባ ማስረጃ እንጂ ነገሩን በራሱ የሚቆርጥ እንዳልሆነ አስገንዝቧል። በስደትና በድንበር ያደገ፣ ሦስት ቦታ የኖረ ሰው ዘዬው የተቀላቀለ ነው። እውነተኛ ታሪኩ ያ ቅልቅል ሆኖ ሳለ፣ ቅልቅሉ እንደ ውሸት ሊታይበት ይችላል።

ነገሩ አገር ቤትም አለ። አብርሃም ወልዴ የጀመረው የተሰጥኦ ውድድር «ባላገሩ አይዶል» የሚል ስም ሲሰጠው ቃሉ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ፊት ነበረው። ባላገር ማለት ባለ አገር፣ የምድሩ ባለቤት ነው፤ በከተማ አፍ ደግሞ ሥልጣኔ ያልደረሰው ማለት ሆኖ ለስድብ ይውላል። ስሙ ስድቡን ወደ ማዕረግ መልሶታል፤ ይህን ከልቤ አከብራለሁ። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥናችን ላይ «ከቤት» የሚለውን «ኸቤት» የሚል ሰው ሲቀርብ አሁንም ብዙ ጊዜ የሚጠበቅበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሊያስቀን፣ ወይ የዋህነቱ ሊያስደንቀን። የኢኮኖሚ ጉዳይ እንዲያስረዳን የምንጠይቀው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው አማርኛ ሲናገር የሚሰማው ቅላጼም ለኮሜዲ መሣሪያነት ሲውል ኖሯል፤ የሚስቀው ተመልካች ምናልባት ክፋት አላሰበም፣ ያ ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስብሰባ ላይ እጁን ከማውጣቱ በፊት ያስባል። በዘፈን ጊዜ ደንቡ ሌላ መሆኑ ይገርመኛል። አዲስ አበባ የተወለደ ድምፃዊ አምባሰል ሲያወርድ የወሎን ለዛ ካልያዘ «አላገኘውም» እንለዋለን፤ የተበደረውን ድምፅ በደንብ ሲይዘው ነው «እውነተኛ» የምንለው። መድረክ ላይ ዘዬ ጥበብ መሆኑን፣ ሊጠናና ሊቀሰም እንደሚችል እናውቃለን። ከመድረክ ስንወርድ ይህን ዕውቀታችንን እንረሳዋለን።

ጆሮ ሊታረም እንደሚችል የሚያሳይ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የብሪታኒያ የዘዬ አድልዎ ጥናት ቡድን በ2019 ሕዝቡን ጠይቆ ያገኘው ደረጃ ጋይልስ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ካገኘው ጋር በጣም ተመሳሳይ ነበር፤ ይህ ተስፋ ያስቆርጣል። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች የሕግ ባለሙያዎችን የሥራ ቃለ መጠይቅ መልስ በተለያየ ዘዬ አሰምተው እንዲመዝኑ ሲጠይቋቸው፣ ባለሙያዎቹ የመልሱን ይዘት ከዘዬው ለይተው መመዘን ችለዋል። ልዩነቱ ያለው በሥራው ላይ ነው። አንዱ ዘዬውን ብቻ ሰምቶ ፍረድ ተባለ፤ ሌላው ምን እንደተባለ መዝን ተባለ። የሪያሊቲ ቴሌቪዥን አቀራረብ ተመልካቹን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ሥራ ነው የሚያሠራው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ የሚመዘን ሆኖ የሚቀረው እንዴት እንደተናገሩት ብቻ ነው።

ወደ ካስሉ ልመለስ። ቻርሎት የመጣችው ታማኝ ሆና ነበር፤ ከዳተኛ የሆነችው መሐል ላይ ተመልምላ ነው። እስከ መጨረሻው ምሽት ደረሰች፤ የወደቀችውም በድምፅዋ አይደለም። አንዲት ተወዳዳሪ የአንድን ሰው ትክክለኛ ማንነት የማየት ልዩ መብት በጨዋታው አግኝታ እሷን መረጠች፤ ምስጢሩ የወጣው በዚያ ነው። ቻርሎት ከተባረረች በኋላ ክብ ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ሰዎች ቀሩ። አራቱም ታማኞች ነበሩ፣ አራቱም የሚናገሩት በገዛ ድምፃቸው ነበር፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም። እርስ በርስ እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየመረመረ፣ በድምፅ ብልጫ ሁለቱን አስወጡ።